«ግራይፕ»፦ ከእጅ ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ አፍ የተጓዘ የእንግሊዝኛ የማማረር ቃል

በየወረዳው ከተማ በሚገኙ የመድኃኒት መደብሮች ለጨቅላ ሕፃናት የሆድ ቁርጠት የሚሸጥ አንድ ፈሳሽ አለ። እናቶች «ግራይፕ ወተር» ብለው በስሙ ይጠይቁታል። «ወተር» ውኃ መሆኑን ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያውቃል። «ግራይፕ» ምን እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ጠይቆ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው ደግሞ ግራ የሚያጋባ መልስ ያገኛል፤ በዛሬው እንግሊዝኛ «ግራይፕ» የሚለው ግሥ በብዛት የሚነገረው ማማረር፣ ማጉረምረም፣ መነጫነጭ ለማለት ነውና። በዚህ ፍቺ ከሄድን ጠርሙሱ «የማጉረምረም ውኃ» የያዘ ሊመስለን ነው።

ሁለቱ ፍቺዎች የሁለት ቃላት አይደሉም። ቃሉ አንድ ነው፤ ከሺህ ዓመት በሚበልጠው ዕድሜው መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በሆድ፣ በመጨረሻም በአፍ ላይ አርፏል። የገጠር ጉዳይ ዘጋቢን የእንግሊዝኛ ግሥ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሚያገባው በዚህ ምክንያት ነው፦ አርሶ አደሩ በራሱ ቋንቋ የተናገረው ብሶት በየጊዜው ወደ እንግሊዝኛ እየተመለሰ በፕሮጀክት ሪፖርቶች ውስጥ ይሰፍራል። ተርጓሚው የሚመርጠው አንድ ግሥ ያንን ብሶት ሊያሰማው ወይም ሊያሳልፈው ይችላል።

እርፍ እንደ መጨበጥ

የቃሉ ጥንታዊ ቅርጽ «ግሪፓን» ነው። የጥንቱ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በእጅ አጥብቆ መያዝን፣ መጨበጥን፣ አንዳንዴም በኃይል መንጠቅን በዚህ ቃል ይገልጹ ነበር። የቅርብ ዘመዶቹ ዛሬም በሌሎች የሰሜን አውሮፓ ቋንቋዎች ሕያው ናቸው፤ ጀርመኖች «ግራይፈን» ሲሉ፣ ስዊድኖች «ግሪፓ» ሲሉ መያዝን ማለታቸው ነው። በራሱ በእንግሊዝኛም «ግሪፕ» የሚባል ወንድም አለው፤ ይህኛው እስከ ዛሬ ከመጀመሪያው ፍቺ ሳይርቅ ጥብቅ አያያዝን ያመለክታል። የትራክተር ጎማ ጥርስ ጭቃውን ሲነክስና ሳይንሸራተት ሲጓዝ «ግሪፕ አለው» ይባላል።

ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀርበው ቃል «ጨበጠ» ነው። ገበሬ እርፍ ጨብጦ ማረሻውን ወደ መሬት ሲጫን የሚያደርገው ነገር በጥንቱ እንግሊዝኛ «ግሪፓን» ነው። ይህንን አማርኛ ቃል አንባቢ በልቡናው ያኑርልኝ፤ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቃሉ ከእጅ ሳይወጣ መልኩ ከፋ። «ጨባጭ» የተባለው ሰው ስስታም፣ የሌላውን ንብረት ነጣቂ፣ አራጣ አበዳሪ ሆነ። የዚያ ዘመን እንግሊዛውያን ድሃን በወለድ የሚያስጨንቅ ባለ ገንዘብና በኪራይ ጭሰኛን የሚያራቁት ባለ መሬት በዚሁ ቃል ይነቀፉ ነበር። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። ዛሬ «ግራይፕ ያደርጋል» የሚባለው የሚያማርረው ሰው ነው። ያኔ ግን ቃሉ የሚወረወረው በሚያስመርረው ሰው ላይ ነበር። ስድቡ ከበዳዩ ትከሻ ወርዶ በተበዳዩ ትከሻ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ብዙ ዘመን ቢወስድም፣ ጉዞው የቃላትን ታሪክ ለሚከታተል ሰው የሚያስገርም ነው።

ሆድን የያዘው እጅ

በ1600 አካባቢ እንግሊዛውያን ድንገት ሆድን ጨምድዶ የሚይዝ ሕመምን «ግራይፕ» ማለት ጀመሩ። ምስሉ ግልጽ ነው፤ አንጀትን በጡጫ ጨብጦ የሚያጠብቅ የማይታይ እጅ አለ። አማርኛ ለዚሁ ሕመም ሌላ ምስል መርጧል። «ቁርጠት» የመጣው «ቆረጠ» ከሚለው ግሥ ነው፤ የእኛ ሕመም ስለት ይዞ ይመጣል እንጂ በጡጫ አይመጣም። አንድ ዓይነት ሕመም አንዱን ሕዝብ ጨበጠው፣ ሌላውን ቆረጠው።

ያኔ ቃሉ የቀልድ አልነበረም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በለንደን ከተማ የሟቾች ቁጥርና የሞታቸው ምክንያት በየሳምንቱ እየታተመ ይወጣ ነበር፤ ከምክንያቶቹ አንዱ «የአንጀት ግራይፕ» የሚል ነበር። ታላቁ ወረርሽኝ ለንደንን በመታበት በ1665 እንኳ ከወረርሽኙ ጎን ለጎን ይህ ስም በዝርዝሩ ላይ ይገኛል። ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ባልነበረበት ከተማ ተቅማጥና ተስቦ ሰው ይፈጁ ስለ ነበር፣ የሆድ ቁርጠት ያለበት ሰው ቤተሰቡ የሚጠብቀው ማገገሙን ብቻ ሳይሆን ሞቱንም ነበር።

በነገራችን ላይ ፈረንሳዮች ኢንፍሉዌንዛን የሚጠሩበት «ግሪፕ» የሚለው ስም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ የ«መያዝ» ቤተሰብ እንደ ተወለደ ይነገራል፤ ሰውን ድንገት ይዞ የሚጥል በሽታ ማለት ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሕዝብ የፈጀው፣ እኛ «የኅዳር በሽታ» ብለን የምናስታውሰውና ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ የተያያዘበት ወረርሽኝ ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነው። አውሮፓውያኑ በአያያዙ ሲሰይሙት እኛ በወሩ ሰየምነው።

የሆድ «ግራይፕ» በሰው ብቻ አልተወሰነም። የቀድሞ ዘመን የእንግሊዝ ፈረስ ሐኪሞች የጋማ ከብት የሆድ ቁርጠትን በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። ዛሬ በእንስሳት ሕክምና ትምህርት «ኮሊክ» የሚባለው ነው። በግብርና ኮሌጅ ስለዚህ ሕመም ስንማር በመጀመሪያ የተነገረን ነገር ፈረስም አህያም ማስታወክ የማይችሉ መሆናቸውን ነው። የበሉት ነገር ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ ስለሌለ፣ ጨጓራና አንጀት ውስጥ የታመቀ ጋዝ ወይም የተቋጠረ መኖ እንስሳውን ሊገድለው ይችላል። ድንገተኛ የመኖ ለውጥ፣ የሻገተ ገለባ፣ የውኃ እጥረት፣ የውስጥ ጥገኛ ትል፣ የተበላሸ ጥርስ፣ ከቅርብ ዘመን ወዲህ ደግሞ በገበያ ዳር የሚለቀም ፌስታል ዋና ዋናዎቹ መንሥኤዎች ናቸው።

ፈረስ ሲቆርጠው መሬት በኮቴው ይጭራል፤ አንገቱን አዙሮ ጎኑን ይመለከታል፤ ያልበዋል፤ ተኝቶ ይንከባለላል። አህያ ግን እንዲህ አታደርግም። ሕመሟን ትደብቃለች። ጆሮዋን ጥላ፣ ራሷን ደፍታ፣ ከመኖዋ ርቃ ዝም ብላ ትቆማለች። ባለቤቷ «ደክሟት ነው» ብሎ ጭነት ይጨምርባታል፤ ምልክቱ በገሃድ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ጊዜው አልፏል። አህያ መኖ አልበላ ካለች፣ ፋንድያዋም ከቀረ ወይም ከደረቀ፣ የቀረበላትን መኖ አንሥቶ ሳይዘገዩ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት ይገባል። በዓለም ላይ ብዙ አህያ ካላቸው አገሮች ቀዳሚዋ ኢትዮጵያ ናትና ይህ ለእኛ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። ግራይፕ ወተርን በ1851 የቀመመው በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ከተማ የነበረ ዊሊያም ውድዋርድ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ነው። መነሻው በምሥራቅ እንግሊዝ ረግረጋማ ቆላዎች ሕፃናትን ያጠቃ ለነበረ ትኩሳት ይሰጥ የነበረው ሕክምና እንደ ሆነ ይነገራል። ያ ትኩሳት ወባ ነበር፤ እንግሊዝ አገር ረግረጉ ተጠንፍፎ እስኪታረስ ድረስ የራሷ ወባ ነበራት። በመጀመሪያው ቅመም ውስጥ የሶዳ ዱቄት፣ ከእንስላል የሚቀራረብ ዲል የሚባል ዕፅ ዘይት፣ ስኳርና አልኮል ይገኙ ነበር። ልጁ ዝም ያለው በዘይቱ ነው ወይስ በአልኮሉ የሚለውን ጥያቄ ለአንባቢ ትቼዋለሁ። አልኮሉ ከጊዜ በኋላ ወጥቷል። ስሙ በ1876 በንግድ ምልክትነት ተመዝግቦ፣ መድኃኒቱ ከብሪታንያ ግዛት ጋር አብሮ እስከ ሕንድ ተዛመተ፤ ዛሬም በየአገሩ በልዩ ልዩ ኩባንያዎች ይመረታል።

የሕፃናት ቁርጠት ራሱ በሕክምና የሚታወቅበት መለኪያ አለው። በ1954 የወጣ አንድ የታወቀ መመዘኛ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከሦስት ቀን በላይ፣ ከሦስት ሳምንት ላላነሰ ጊዜ የሚያለቅስ ጤነኛ ሕፃን ቁርጠት አለበት ይላል። አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር በራሱ ይለቃል። የጤና ባለሙያዎች ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ ከእናት ጡት በቀር ሌላ ነገር፣ ውኃም ቢሆን፣ እንዳይሰጠው የሚመክሩ ስለ ሆነ፣ ጠርሙሱን ከመግዛት በፊት እነርሱን መጠየቅ ይበጃል።

ከሆድ ወደ አፍ

ሆድ የቆረጠው ሰው ዝም አይልም፤ ያቃስታል። ቃሉ ከሆድ ወደ አፍ የተሻገረበት ድልድይ ይኸው ማቃሰት ሳይሆን አይቀርም። መንገዱን አስቀድሞ የከፈተለት ሌላ የአሜሪካ ቃል ነበር። በ1888 ገደማ አሜሪካውያን «ሆድ ቁርጠት» የሚለውን የራሳቸውን ስም ወደ ግሥነት ለውጠው፣ ያለማቋረጥ የሚያማርርን ሰው «ሆዱን ቁርጠት ይዞታል» በማለት ዓይነት ይሳለቁበት ጀመር። «ግራይፕ» ደግሞ በማማረር ፍቺው ተጽፎ የተገኘው በ1932 ሲሆን፣ በአሜሪካ የመንገድ ቋንቋ ተነሥቶ ወደ ሌላው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተሠራጨ።

በጉዞው ላይ ግን ክብደቱ ቀለለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው የሚገድለው ሕመም በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሰነፍ ልቅሶ ሆነ። ዛሬ አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «እገሌ ግራይፕ ያደርጋል» ሲል ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይናገራል። አንደኛ፣ ሰውዬው አልተደሰተም። ሁለተኛ፣ ጉዳዩ ያን ያህል የሚያስጮህ አይደለም። ሁለተኛው የተናጋሪው ፍርድ ነው፤ በግሡ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚያልፍ አንባቢ እንደ ወሬ ይቀበለዋል እንጂ እንደ ፍርድ አይመረምረውም።

እንግሊዝኛ ለከባዱ አቤቱታ ሌላ ቃል አለው። «ኮምፕሌይን» የሚለው ግሥ ሥሩ ላቲን ነው፤ ላቲኑም በኀዘን ደረትን መምታት ማለት ነበር። በፍርድ ቤት ከሳሽን የሚጠሩበት «ፕሌይንቲፍ» የሚለው ስም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው። እንግዲህ በእንግሊዝኛ ችሎት ፊት የሚቆመው ሰው ደረቱን የሚመታ ሐዘንተኛ ሲሆን፣ ከችሎት ውጭ የሚያጉረመርመው ሆዱን የያዘ ሕመምተኛ ነው። ደረት ይከበራል፤ ሆድ ይሳቅበታል።

ሌሎቹን በአጭሩ ላንሣ። «ዋይን» ጥንት በአየር ላይ የሚበር ፍላጻ ፉጨት ነበር፤ ዛሬ የውሻና የልጅ ነዝናዛ ልቅሶ ነው፤ የእኛ «ማላዘን» ለእርሱ ይቀርባል። «ክቬች» ከአይሁድ ዪዲሽ ቋንቋ የመጣ ሲሆን መጭመቅ ማለት ነው፤ እንደገና ጫናና ጡጫ። «ግራውስ» የቆቅ ዘመድ ከሆነች ወፍ ስም ጋር በፊደል አንድ ቢሆንም ዝምድናቸው አልተረጋገጠም፤ በብሪታንያ ወታደሮች ዘንድ የተለመደ ቃል ነበር። የከብት ሥጋ ስም የሆነው «ቢፍ» ሳይቀር በአሜሪካ ከ1880ዎቹ ጀምሮ ማማረር ማለት ሆኗል። አንድ ሕዝብ ለማጉረምረም ይህን ያህል ቃል ካስፈለገው የሚያማርረው አላጣም ማለት ነው።

የእኛ ቃላት የሚያርፉበት ቦታ

አማርኛም በዚህ ረገድ ድሃ አይደለም። «ማማረር» እና «ምሬት» የመጡት ከመራራ ጣዕም ነው፤ ብሶቱ ምላስ ላይ አለ። «ቅሬታ» ከ«ቀረ» ጋር ይዛመዳል፤ ነገሩ ካለፈ በኋላ በልብ ውስጥ ቅር ብሎ የተረፈ ነገር ነው። ከምድር ተቆፍሮ የሚወጣን ጥንታዊ ቅሪት «ቅሬተ አካል» የምንለው ከዚሁ ሥር ነው። «አቤቱታ» ከ«አቤት» ተወልዷል፤ የተበደለ ሰው በመንገድ ዳር ቆሞ ወደ ገዥው የሚያሰማው ጩኸት ነበር። «ማጉረምረም» ደግሞ ድምፁን የሚናገር ቃል ነው፤ አንበሳም ያጉረመርማል። «መነጫነጭ» የሕፃን ነው፤ አዋቂን «ነጭናጫ» ማለት ወደ ልጅነት ማውረድ ነው።

ሆድስ? በአማርኛ ሆድ የብሶት ጎተራ ነው። «ሆድ ባሰኝ»፣ «ሆዴን ባር ባር አለኝ»፣ «አንጀቴ አረረ» እንላለን። ነገር ግን ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በእንግሊዝኛ የሆድ ሕመም በአፍ ይወጣል፤ በእኛ ዘንድ በሆድ ያለ ነገር በሆድ ይቀራል። የተበደለ ሰው ለመናገር ተስፋ ሲቆርጥ የሚለው «ሆድ ይፍጀው» ነው። ከገጠር ቀበሌዎች ሲመለስ ማስታወሻ ደብተሩን የሚያገላብጥ ዘጋቢ ይህንን ሐረግ ሳያገኝ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። በስብሰባ ላይ ሃሳብ እንዲሰጡ የተጠየቁ አዛውንት «ተዉት ልጄ፣ ሆድ ይፍጀው» ብለው ሲቀመጡ በቃለ ጉባኤው ላይ የሚጻፈው «ቅሬታ አልቀረበም» የሚል ነው። ዝም ያለችውን አህያ «ደክሟት ነው» ከማለት ብዙ አይርቅም።

መንግሥታዊ ቋንቋችን ይህን የሚያውቅ ይመስላል። ስዊድኖች በ1809 ሕገ መንግሥታቸው «ኦምቡድስማን» ብለው የሰየሙት ሹም ትርጉሙ ወኪል ማለት ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ተመሳሳይ ተቋም ስታቋቁም ግን «የሕዝብ እንባ ጠባቂ» ብላ ጠራችው። የተቋሙ ሥራ በአስተዳደር በደል የሚቀርብ አቤቱታ መመርመር ነው፤ ስሙ ግን የሚጀምረው ሰው ገና ከመናገሩ በፊት በፊቱ ላይ ከሚታየው ነገር ነው። በእኔ አስተያየት ከስዊድንኛው የተሻለ ስም ነው።

አንድ ግሥ በሪፖርት ውስጥ

ባለፈው የመኸር ወቅት በአንድ ቀበሌ በተደረገ የአርሶ አደሮች ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። ርዕሱ የማዳበሪያ አቅርቦት ነበር። ከወራት በኋላ ውይይቱን ያዘጋጀው ፕሮጀክት ያወጣው የእንግሊዝኛ ሪፖርት እጄ ገባ። የሁለት ሰዓቱ ንግግር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቃሎ፣ አርሶ አደሮቹ ስለ ማዳበሪያው መዘግየት «ግራይፕ» እንዳደረጉ ይገልጽ ነበር። ጸሐፊው ክፋት አስቦ እንዳልጻፈው እገምታለሁ። አጭርና ቀላል ግሥ ነው፤ በመዝገበ ቃላትም «አማረረ» ተብሎ ይተረጎማል። ሪፖርቱን በሩቅ አገር ቢሮ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ግን የሚገባው አርሶ አደሮቹ እንደ ልማዳቸው መነጫነጫቸው ነው።

በስብሰባው ላይ የተባለው ሌላ ነበር። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «በቆሎዬ ጉልበቴ ላይ ደርሶ ሳለ የዘር ማዳበሪያ መጣልኝ፤ አሁን የት ላድርገው? ሥሩን ቆፍሬ ልቅበረው?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሳቀ። እርሳቸው ግን አልሳቁም፤ መልስም ሳያገኙ ተቀመጡ።

ጥያቄያቸው የአፈር ሳይንስ ጥያቄ ነው። በዘር ወቅት የሚጨመረው ኤንፒኤስ ማዳበሪያ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ በፎስፌት መልክ የተለካ 38 በመቶ ፎስፈረስና 7 በመቶ ሰልፈር የያዘ ነው። ናይትሮጅን ከውኃ ጋር በአፈር ውስጥ ይጓዛል፤ ስለዚህ ዩሪያን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ በጎኑ መጨመር ይቻላል፤ የሚመከረውም እንዲሁ ነው። ፎስፈረስ ግን ከተቀመጠበት ቦታ እምብዛም አይንቀሳቀስም። በተለይ አሲዳማ በሆነው የደጋና የወይና ደጋ አፈር ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ቡቃያው ገና ሥር በሚሰድበት ሰሞን ከዘሩ አጠገብ ካላገኘው፣ በኋላ በላዩ ላይ ቢበተን ለዚያ ዓመት ሰብል ጥቅሙ እጅግ አነስተኛ ነው። እኒያ እናት በዱቤም ይሁን በጥሬ ገንዘብ የከፈሉበት ከረጢት ዋናው ጥቅሙ ያመለጠው ከመድረሱ በፊት ነው። ወይዘሮዋ የኮሌጅ መምህሬ በአንድ ሙሉ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ያስረዱንን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረዋል።

ቀደም ሲል በልቡና ይቀመጥ ያልኩት ቃል የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። የጥንት እንግሊዞች «መጨበጥ» ያሉት ቃል ወደ ሆድ ወርዶ ቁርጠት፣ ከዚያም ነዝናዛ ልቅሶ ሆነ። እኛ «መጨበጥ» ያልነው ቃል በሌላ መንገድ ሄዶ ችሎት ገባ። ዳኛ የሁለቱን ወገን ክርክር ሰምቶ ለፍርድ የሚያበቃውን ዋና ጥያቄ ሲለይ «ጭብጥ መሠረተ» ይባላል፤ በእጅ ሊያዝ የሚችል ማስረጃም «ተጨባጭ» ነው። አንድ ዓይነት እጅ በአንዱ ቋንቋ አንጀት ያዘ፣ በሌላው የነገሩን ፍሬ ያዘ። የወይዘሮዋ ንግግር ጭብጥ ነበረው፤ ሪፖርቱ ውስጥ ሲገባ ቁርጠት ብቻ ቀረ።

ወደ እንግሊዝኛ ለሚመልሱ የግብርና ባለሙያዎችና የመረጃ ሰብሳቢዎች ነገሩን በተግባር ማቅለል ይቻላል። አርሶ አደሩ ወደ ጽሕፈት ቤት ሄዶ በጽሑፍም ሆነ በቃል ያቀረበው አቤቱታ ከሆነ «ኮምፕሌይን» ወይም ከእርሱ የሚከብደው የአቤቱታ ቃል ይገባዋል። በስብሰባ ላይ የተናገረው እውነታ ከሆነ «ተናገረ» ወይም «ገለጸ» የሚሉት ተራ ግሦች ይበቃሉ፤ ፍርድ የላቸውም። ከሁሉም በላይ፣ ከግሡ ቀጥሎ ነገሩ ራሱ ይጻፍ፤ የትኛው ማዳበሪያ፣ በስንት ሳምንት ዘገየ፣ ሰብሉ በምን ደረጃ ላይ ነበር። «ግራይፕ» ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ ኔትወርክ መቆራረጥ፣ ስለ ኳስ ዳኛ፣ ስለ ሻዩ ስኳር ማነስ የሚያጉረመርም ሰው ካለ ቃሉ ልክ ለእርሱ የተሰፋ ነው።

አስቸጋሪው «ሆድ ይፍጀው» የሚለው ነው። ለእርሱ አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ አላገኘሁለትም። በቃል በቃሉ ቢመለስ የውጭ አንባቢው የምግብ መፈጨት ችግር ይመስለዋል፤ «አስተያየት የለኝም» ተብሎ ቢመለስ ደግሞ ውሸት ይሆናል። ከጥቂት ባልደረቦቼ ጋር ተመካክረን ለጊዜው የደረስንበት መፍትሔ ረጅም ነው፤ «ቅሬታ እንዳላቸው አመልክተው፣ መልስ አገኛለሁ ብለው ስላላመኑ ሳይናገሩት ቀርተዋል» ብለን እንጽፋለን። ሠንጠረዥ ውስጥ ለመክተት አይመችም፤ አንዳንድ አርታኢዎችም ይሰርዙታል።